ርቀትን ለፍጥነት ማካፈል የጉዞ ጊዜ አይሆንም፦ ስለ ሩቅ አየር ማረፊያዎች ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በሁለት ሩቅ አየር ማረፊያዎች መካከል ያለውን የበረራ ርቀትና የጉዞ ጊዜ ማንኛውም ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ማስላት ይችላል የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ወጥቶ ብዙዎች ሲቀባበሉት አይቻለሁ። የጸሐፊው መመሪያ አጭር ነው፤ የዓለም ካርታ ዘርጉ፣ ሁለቱን ቦታዎች በማስመሪያ አገናኙ፣ ርዝመቱን በካርታው መስፈርት ወደ ኪሎ ሜትር ለውጡ፣ ለ900 አካፍሉ፣ ለአየር ማረፊያ ውጣ ውረድ አንድ ሰዓት ጨምሩ። በምሳሌነት የቀረበው በግሪንላንድ ዋና ከተማ በኑክ እና የካናዳዋ የኑናቩት ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው በኢካሉይት መካከል ያለው መንገድ ነው። ውጤቱ 1,870 ኪሎ ሜትር፣ የሁለት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ በረራ፣ በጠቅላላው የሦስት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ጉዞ ተብሎ በሰንጠረዥ ተቀምጧል። ጸሐፊው በዚህ አያበቁም። ነፋስ በደርሶ መልስ ይካካሳል፤ ቀጥታውን መስመር የሚተዉ አየር መንገዶች ገንዘብ ፍለጋ ነው የሚዞሩት፤ ሩቅ አየር ማረፊያ ሰው ስለማይበዛበት ከትልቁ ይፈጥናል፤ ስሌቱን ማረጋገጥ የፈለገ ደግሞ ከመድረሻው ሰዓት የመነሻውን ይቀንስ ይላሉ።

ለመመለስ ያነሳሳኝ ይህን ቁጥር የሚፈልገው ሰው ማን እንደሆነ ሳስብ ነው። ኑክን ከሌላ ከተማ የሚያገናኝ መንገድ የለም። ኢካሉይትም ከተቀረው ካናዳ በመንገድ አትገናኝም። እንዲህ ካለ ቦታ ሐኪም ፍለጋ፣ ለፈተና ወይም ለዘመድ ቀብር የሚነሳ ሰው «ሦስት ሰዓት» የሚለውን አምኖ ቀጠሮ ይይዛል። አውሮፕላኑ ሲቀር በመኪና እሄዳለሁ ማለት አይችልም። ስለዚህ ነጥቦቹን አንድ በአንድ እወስዳለሁ።

«ካርታውን በማስመሪያ መለካት ይበቃል»

አይበቃም፤ በተለይ ለእነዚህ ሁለት ከተሞች። ሁለቱም የሚገኙት በሰሜን 64 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ ነው። በምድር ወገብ ላይ አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። ወደ ዋልታው በቀረብን ቁጥር መስመሮቹ እየተጠጋጉ ይሄዳሉ፤ በ60 ዲግሪ ስፋቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ በ64 ዲግሪ 49 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በየግድግዳው የምናየው የመርኬተር ካርታ ግን የኬንትሮስ መስመሮችን ከላይ እስከ ታች እኩል አራርቆ ነው የሚስላቸው። በዚያ ኬክሮስ ላይ ያለውን ነገር ሁሉ ከሁለት እጥፍ በላይ ይለጥጠዋል። ኑክና ኢካሉይት በ17 ዲግሪ ያህል ኬንትሮስ ይራራቃሉ። ጸሐፊው እያንዳንዱን ዲግሪ በምድር ወገብ ስፋት ቆጥረው 1,870 ላይ ደረሱ። በሉል ላይ ሲሰላ ትክክለኛው ርቀት 820 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ሁለተኛው ችግር ካርታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር በምድር ላይ አጭሩ መንገድ አለመሆኑ ነው። በሉል ላይ አጭሩ መንገድ የምድርን መሐል ማዕከል ያደረገው ታላቅ ክብ ቅስት ነው። ለኑክና ለኢካሉይት ልዩነቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ አልከራከርበትም። ርቀቱ ሲጨምር ግን ልዩነቱ ያስደነግጣል። በ60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ በምድር ሁለት ተቃራኒ ጎኖች ያሉ ቦታዎችን እንውሰድ። ካርታው ላይ ቀጥ ብሎ የሚታየውን የኬክሮስ መስመር የተከተለ 10,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በዋልታው ላይ ያቋረጠ 6,700 ባልሞላ ኪሎ ሜትር ይደርሳል።

ምድር ፍጹም ሉል አይደለችም የሚል ካለ እውነት ነው። ያ የሚያመጣው ስህተት ግን ቢበዛ ግማሽ በመቶ ነው፤ ለ820 ኪሎ ሜትር አራት ኪሎ ሜትር። ተሳፋሪውን አያሳስበውም።

«አውሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይበርራል»

ትልቅ ጄት ከፍታው ላይ ከወጣ በኋላ ወደዚያ ይጠጋል። በዚህ መስመር ላይ የሚበርረው ግን ትልቅ ጄት አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በ2024 በሁለቱ ከተሞች መካከል ወቅታዊ በረራ ሲጀመር የተመደበው ዳሽ 8 የሚባለው ባለ ሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላን ነው። የጉዞ ፍጥነቱ በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። አጭር ማኮብኮቢያ ያላቸው አነስተኛ ሰፈሮች ዘንድ የሚደርሰው ትዊን ኦተር የሚባል ትንሽ አውሮፕላን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በታች ይበርራል።

እዚህ ላይ አንባቢን የሚያታልል ነገር ተፈጥሯል። 820ን ለ500 ስናካፍል አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል እናገኛለን። መንደርደሩን፣ ከፍታ መውጣቱንና ለማረፍ መዞሩን ስንጨምርበት ወደ ሁለት ሰዓት ይጠጋል። የጸሐፊውም መልስ ሁለት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ነው! ርቀቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ተጋንኗል፣ ፍጥነቱም ወደ ሁለት እጥፍ ተጠግቷል፤ ሁለቱ ስህተቶች ተጣፍተው ትክክል የሚመስል ቁጥር ወጣ። የበረራ ሰሌዳ አይቶ ያመሳከረ አንባቢ «እውነትም ይሠራል» ብሎ ዘዴውን ወደ ሌላ መስመር ይወስደዋል። እዚያ አያዋጣውም። በምድር ወገብ አጠገብ ባሉ ደሴቶች መካከል በዳሽ 8 ለሚሄድ ሰው ካርታው አይጋነንም፤ ፍጥነቱ ብቻ ይጋነናል፤ ስለዚህ ጊዜው በግማሽ ገደማ ይቀንስበታል።

ዘዴውን እስከ ጫፍ መፈተን ለሚፈልግ የስኮትላንድ ኦርክኒ ደሴቶች አሉ። ከዌስትሬ ወደ ፓፓ ዌስትሬ የሚደረገው በረራ 2.7 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዓለም አጭሩ መደበኛ የመንገደኞች በረራ። ለ900 ሲካፈል 11 ሰከንድ ይሰጣል። ትክክለኛው በረራ ሁለት ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በአጭር መስመር ላይ አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው በመነሳትና በማረፍ ነው፤ የጉዞ ፍጥነት የሚባለው ላይ ጨርሶ ላይደረስ ይችላል። የሩቅ ቦታ በረራዎች ደግሞ ብዙዎቹ አጫጭር ናቸው።

«ነፋስ በደርሶ መልስ ይካካሳል»

ከሁሉም ነጥቦች ሰው በቀላሉ የሚያምነው ይህን ነው። ስለዚህ በስሌት ላሳይ። ርቀቱ 820፣ የአውሮፕላኑ ፍጥነት 500፣ ከፊት የሚመጣው ነፋስ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ይሁን። ሲሄድ ከመሬት አንጻር በ400 ይጓዛል፤ ሁለት ሰዓት ከሦስት ደቂቃ። ሲመለስ ያው ነፋስ ከኋላ እየገፋው በ600 ይጓዛል፤ አንድ ሰዓት ከሃያ ሁለት ደቂቃ። ድምሩ ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ነፋስ ባይኖር ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ደቂቃ ይበቃ ነበር። ስምንት ደቂቃ ጠፍታለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አውሮፕላኑ በሚጎዳው ነፋስ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፣ በሚጠቅመው ውስጥ ግን ለአጭር ጊዜ። ጉዳቱና ጥቅሙ የሚቆጠሩት በሰዓት ስለሆነ ሚዛናቸው እኩል አይወጣም።

ስምንት ደቂቃ ምንድን ነው የሚል አይጠፋም። ያንኑ መንገድ በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር በሚበር ትዊን ኦተር እናስበው። በፊት ነፋስ ፍጥነቱ ወደ 170 ይወርዳል፤ መሄጃው ብቻ አራት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በኋላ ነፋስ መመለሻው ሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል ነው። ድምሩ ሰባት ሰዓት ይሻገራል፤ ነፋስ በሌለበት ስድስት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይሆን ነበር። አንድ ሙሉ ሰዓት ጠፋ። ነፋስ ቀርፋፋውን አውሮፕላን ይበልጥ ይጎዳል፤ ወደ ሩቅና አነስተኛ አየር ማረፊያዎች የሚላከውም ቀርፋፋው ነው። ለነዳጅም ነገሩ ያው ነው። ለአራት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ የሚበቃ ነዳጅ ያልጫነ አብራሪ «ስመለስ ይካካሳል» ብሎ መነሳት አይችልም።

ትልልቆቹ ጄቶችም ከዚህ ነጻ አይደሉም። በየካቲት 2020 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) አንድ ቦይንግ 747 ኃይለኛ የምዕራብ ነፋስ እየገፋው ከኒው ዮርክ ለንደን በአራት ሰዓት ከሃምሳ ስድስት ደቂቃ ደረሰ። በተለመደው ቀን ያ መንገድ ስድስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይወስዳል። ርቀቱ በዚያ ሌሊት በአንድ ሜትር አልቀነሰም። ከጎን የሚመታ ነፋስ እንኳ ሲሄዱም ሲመለሱም ጥቂት ያዘገያል፤ አውሮፕላኑ መስመሩን እንዳይለቅ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ መለስ አድርጎ መብረር አለበትና።

«ከቀጥታው መስመር የሚወጡት ለገንዘብ ነው»

ይህ ክስ ነው፤ ከባድ ክስ። ስለዚህ ረጋ ብሎ መመርመር ይገባዋል።

ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን በውቅያኖስ ወይም በበረሃ ላይ ሲበርር አንዱ ሞተር ቢቆም በቀረው ሞተር በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የሚደርስበት አየር ማረፊያ ሊኖረው ይገባል። በአሜሪካ ሕግ ይህ ጊዜ ለረጅም ዘመን 60 ደቂቃ ነበር። ሞተሮች አስተማማኝ እየሆኑ ሲመጡ በ1985 ወደ 120 ደቂቃ፣ በ1988 ወደ 180 ደቂቃ ከፍ አለ፤ በ2014 ኤርባስ ኤ350 እስከ 370 ደቂቃ ተፈቅዶለታል። ፈቃዱ ግን ለአውሮፕላኑ ዓይነት ብቻ ሳይሆን ለአየር መንገዱም ጭምር የሚሰጥ ነው። ያላገኘው አየር መንገድ በካርታው ባዶ ክፍል ዳር ዳር ይዞራል። ለሚዞርበት ነዳጅ የሚከፍለው ራሱ ነው። ገንዘብ ፈላጊ ቢሆን ኖሮ ቀጥታውን ይመርጥ ነበር።

የቺሊ ግዛት የሆነችው ኢስተር ደሴት ነገሩን በደንብ ታሳያለች። የደሴቲቱ ማታቬሪ አየር ማረፊያ ከቺሊ ዋና ከተማ ከሳንቲያጎ 3,750 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ማኮብኮቢያው ከ3,300 ሜትር በላይ ነው፤ በ1980ዎቹ እንዲህ የረዘመው ለአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር የድንገተኛ ማረፊያ እንዲሆን ታስቦ ነው። አሁን አንድ ጄት ከሳንቲያጎ ተነስቶ ወደ ምዕራብ እየበረረ ነው እንበል። ፍጥነቱ 850፣ የፊት ነፋሱ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሁን። ችግር ቢፈጠር ወደፊት መሄድ ይሻላል ወይስ መመለስ? ማስመሪያ የያዘ ሰው ግማሹ 1,875 ኪሎ ሜትር ላይ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ወደፊት ይሻላል ይላል። አይደለም። ወደፊት ሲሄድ በ750፣ ወደ ኋላ ሲመለስ በ950 ስለሚጓዝ ሁለቱ ጊዜዎች እኩል የሚሆኑት ከሳንቲያጎ 2,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። 2,000 ኪሎ ሜትር ላይ ሞተር የቆመበት አብራሪ ከግማሽ መንገድ በላይ አልፎም ፊቱን ወደ ሳንቲያጎ ቢመልስ ቶሎ ይደርሳል። ይህ ነጥብ ከበረራው በፊት ተሰልቶ በዕቅዱ ላይ ይሰፍራል፤ ነፋሱ በተለወጠ ቁጥርም ቦታውን ይለውጣል።

በዚህ ላይ ነዳጁ አለ። በተለመደው በረራ መድረሻው ቢዘጋ የሚኬድበት ተለዋጭ አየር ማረፊያ ይመረጣል፣ እዚያ የሚያደርስ ነዳጅ ይጫናል፣ ከዚያም በላይ ለጄት የ30 ደቂቃ የመጨረሻ መጠባበቂያ ይቀመጣል። መድረሻው በአቅራቢያው ሌላ ማረፊያ የሌለው ሲሆንስ? የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እንዲህ ከሌሎች ለተነጠለ አየር ማረፊያ የተለየ ደንብ አለው፤ ጄት ከመድረሻው በላይ፣ የመጨረሻው መጠባበቂያ ተጨምሮ፣ ለሁለት ሰዓት የጉዞ ፍጆታ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ መድረስ አለበት። ጭጋጉ ይገለጣል፣ ነፋሱ ይበርዳል ተብሎ ነው። ያ ነዳጅ ክብደት ነው፤ ክብደቱ ከተሳፋሪ ወይም ከጭነት ይቀነሳል። መቀመጫ ባዶ ሆኖ እያየ «ሞልቷል» የተባለ መንገደኛ ቢናደድ አልፈርድበትም፤ ባዶው ወንበር ግን በክንፉ ውስጥ ወዳለው ነዳጅ ሄዷል።

«ሩቅ አየር ማረፊያ ሰው ስለማይበዛበት ይፈጥናል»

ሰልፉ አጭር መሆኑን እቀበላለሁ። በር ላይ ሃያ ደቂቃ ማትረፍ ግን የሩቅ አየር ማረፊያን ጉዞ አያሳጥርም፤ የሚያዘገየው ሌላ ነገር ነው።

በኔፓል ሉክላ ማኮብኮቢያው 527 ሜትር ብቻ ነው፤ በ2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በተራራ ወገብ ተንጋሎ። አንዱ ጫፍ ገደል፣ ሌላው ተራራ ስለሆነ ሁለተኛ ሙከራ የለም። ደመናውና ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ በረራዎቹ በጠዋት ይደረጋሉ። የጠዋቱ ሰማይ ካልተከፈተ የግማሽ ሰዓቱ በረራ ወደ ነገ፣ ከነገም ወደ ተነገ ወዲያ ይተላለፋል። በስኮትላንድ ባራ ደሴት አውሮፕላን የሚያርፈው በባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ነው። ማዕበሉ ሲሞላ ማኮብኮቢያው ውኃ ውስጥ ይገባል፤ የበረራ ሰሌዳው የሚወጣው የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ተከትሎ ነው። ሰልፍ በሁለቱም ቦታ ችግር አይደለም።

በደቡብ አትላንቲክ የቅድስት ሄለና ደሴት አየር ማረፊያ በ2016 ሊከፈት ታስቦ ነበር። በማኮብኮቢያው ጫፍ ነፋሱ በድንገት አቅጣጫና ኃይል እየለወጠ ስላስቸገረ የመጀመሪያው መደበኛ የመንገደኞች በረራ እስከ ጥቅምት 2017 ዘገየ። ከዚያ በፊት ከኬፕታውን በመርከብ አምስት ቀን ያህል ይወስድ ነበር። ስለዚህ አየር ማረፊያው ለደሴቲቱ ሰዎች ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በረራው ለብዙ ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ነበር። ያመለጠው ሰው የሚጠብቀው ሳምንት ነበር።

«ከመድረሻው ሰዓት የመነሻውን ቀንሱ»

ይህ ብዙ አያከራክርም። በኑክና በኢካሉይት መካከል የሦስት ሰዓት ልዩነት አለ። ከኑክ እኩለ ቀን ላይ የተነሳ አውሮፕላን ከሁለት ሰዓት በኋላ ኢካሉይት ሲያርፍ እዚያ እኩለ ቀን ሊሆን ገና አንድ ሰዓት ይቀረዋል። በጸሐፊው ዘዴ በረራው ከዜሮ በታች አንድ ሰዓት ወሰደ ማለት ነው። ከሳሞአ ወደ አሜሪካ ሳሞአ የሚደረገው በረራ 200 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ሳሞአ ግን በታኅሣሥ 2011 ማብቂያ አንድ ቀን ዘልላ ከቀን መለወጫው መስመር ማዶ ስለተሻገረች፣ ዛሬ የተነሳ ሰው ትናንት ይደርሳል።

«በጠቅላላው ሦስት ሰዓት»

ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። በኑክና በኢካሉይት መካከል ለዓመታት መደበኛ በረራ አልነበረም። በዚያ ጊዜ መሄድ የፈለገ ሰው ውቅያኖስ መሻገር ነበረበት። አንደኛው መንገድ ከኑክ ኮፐንሃገን፣ ከኮፐንሃገን ቶሮንቶ፣ ከቶሮንቶ ኦታዋ፣ ከኦታዋ ኢካሉይት ነው። የየመንገዱን አጭር ርቀት ብንደምር 12,200 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ከቀጥታው 15 እጥፍ ገደማ። ኑክ ራሷ እስከ ኅዳር 2024 ድረስ ትልቅ ጄት የሚቀበል ማኮብኮቢያ አልነበራትም። ወደ ኮፐንሃገን የሚሄደው መንገደኛ መጀመሪያ በትንሽ አውሮፕላን 320 ኪሎ ሜትር ያህል እዚያው ግሪንላንድ ውስጥ ወዳለው የካንገርሉስዋክ አየር ማረፊያ ሄዶ እዚያ ይቀይር ነበር። በዚያ ወር የ2,200 ሜትር ማኮብኮቢያ ሲከፈት ኑክና ኮፐንሃገን በአንድ በረራ ተገናኙ። በሰንጠረዡ ዘዴ ግን ኅዳርም ታኅሣሥም አንድ ነው፤ ከተሞቹ ከቦታቸው አልተነቃነቁምና።

በ2024 የተጀመረው የኑክና የኢካሉይት ቀጥታ በረራ በሳምንት አንዴ፣ ያውም በበጋው ወራት ብቻ ነበር። ጉዳይ የገጠመው ሰው ከሳምንቱ በየትኛውም ቀን ሊነሳ ቢፈልግ በአማካይ የሚጠብቀው ሦስት ቀን ተኩል ነው። 84 ሰዓት መጠበቅ፣ ሁለት ሰዓት በረራ። 820 ኪሎ ሜትርን ለ86 ሰዓት ስናካፍል በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ሯጭ የሚቀድመው ፍጥነት ነው። የበረራውን ሰዓት በአምስት ደቂቃ አስተካክሎ ማስላት እዚህ ላይ ትርጉም ያጣል። በሽተኛው ሐኪሙ ዘንድ የሚደርስበትን ቀን የሚወስነው ሳምንታዊው ሰሌዳና የዚያ ቀን አየር ነው።

ስለዚህ ጸሐፊው ሰንጠረዣቸውን እንዲያርሙ እጠይቃለሁ። በኑክና በኢካሉይት ረድፍ 1,870 ተሰርዞ 820 ይግባ። የበረራው ጊዜ የአውሮፕላኑ ዓይነት ተጠቅሶ ለመሄጃና ለመመለሻ ለየብቻ ይጻፍ። ሦስት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ በሰፈረበት ቦታ ደግሞ በረራው በየትኛው ወቅት እንዳለ፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚነሳ፣ ቢሰረዝ ቀጣዩ መቼ እንደሆነ፣ ከሌለም በየት ከተማ በኩል እንደሚዞር ይመዝገብ። ይህ መረጃ ለማይገኝላቸው መስመሮች ያ ሳጥን ባዶ ይተው፤ ባዶ ሳጥን ያየ ሰው ቢያንስ ወደ አየር መንገዱ ደውሎ ይጠይቃል።